የጣርማበር ትምህርት፦ መጽሐፉ ከባሕር ጠረፍ፣ በሽተኛው ከዳገት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ጣርማበርን በጆሮው ያውቃታል። አውቶቡሱ ከዋሻው ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጆሮ ይደፈናል። ምራቅ ሲዋጥ ይከፈታል፤ ጥቂት ኩርባ እንደታለፈ መልሶ ይደፈናል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መስኮት ሥር ይሰበሰባሉ። የተገዛው ቆሎ ሳያልቅ ጋቢ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ሽንኩርትና ማሾ የሚበቅልበት የይፋት ቆላ ነው። ከጣርማበር አናት እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱ ግን 1,800 ሜትር ያህል ነው።

ይህ መንገድ ለሾፌሩ የፍሬን ፈተና፣ ለተጓዡ የዓይን ምግብ ነው። ለሕክምና ተማሪ ደግሞ በዓለም ላይ በቀላሉ የማይገኝ የሳንባ መማሪያ ክፍል ነው። ታዲያ በሀገራችን የሳንባ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ጣርማበር የት አለች? መልሱ ያሳዝናል፤ ከዚያም አልፎ በበሽተኛ ሕይወት የሚከፈል ዋጋ አለው።

▪️ ሽቅብ የሚሄደው አምቡላንስ

ሸዋ ሮቢት ላይ በሳንባ ምች የተያዘ ሰው ሕመሙ ሲጠናበት ሪፈር የሚጻፍለት ወደ ላይ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ። ደብረ ብርሃን ለመድረስ ደግሞ መጀመሪያ ከእሷም ከፍ የምትለውን ጣርማበርን መሻገር ግድ ነው። በሽተኛው ወደ ተሻለ ሕክምና እየተወሰደ፣ በየኩርባው ግን ወደ ሳሳ አየር እየገባ ነው ማለት ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ቆላም ደጋም 21 በመቶ ነው። የሚለያየው አየሩን ወደ ሳንባ የሚገፋው ግፊት ነው። በባሕር ጠረፍ ግፊቱ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ 655 ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 545 ገደማ፣ ጣርማበር አናት ላይ 530 ገደማ ይሆናል። ወደ ውስጥ የተሳበው አየር በጉሮሮ እርጥበት ከራሰ በኋላ የኦክስጅኑ የራሱ ግፊት በባሕር ጠረፍ 150፣ ሸዋ ሮቢት 128፣ ደብረ ብርሃን 105፣ ጣርማበር 101 ያህል ነው።

እዚህ ላይ የመንዝና የይፋት መልክዐ ምድር ራሱ ያስተምራል። በደም ውስጥ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ልክ የሚያሳየው ሥዕል ልክ እንደዚህ አገር ነው። ላይኛው ክፍል ሜዳ ነው፤ የኦክስጅን ግፊት ቢቀንስም ደሙ ብዙም ሳይጎድልበት ይቆያል። የደም ኦክስጅን ግፊት ወደ 60 ሲወርድ ግን ሜዳው ያልቅና ገደሉ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ትንሽ መቀነስ ብዙ ያጎድላል። ጤነኛ ሰው በሜዳው ላይ ስለሚሄድ ጣርማበርን ሲሻገር ጆሮው ከመደፈኑ በቀር የሚሰማው የለም። ሳንባው በመግል የተሞላ ሰው ግን ሸዋ ሮቢት ሳለ ጀምሮ የቆመው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ያለ ኦክስጅን ሲሊንደር ዳገቱን ማውጣት ከአፋፉ መግፋት ነው።

ይህን ለማወቅ የረቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሪፈር የሚጽፈው ሐኪም ፊዚዮሎጂን ሲማር ከፍታ የሚለው ምዕራፍ የራሱ አገር ምዕራፍ መሆኑን የነገረው መምህር ነው።

▪️ መጽሐፉ የተጻፈበት አገር

የዘመናዊ ሕክምና ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከባሕር ጠረፍ ነው። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ተከፈተ፤ የጤና መኮንኖችንም ማሠልጠን ጀመረ። በአዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ተመሠረተ። ጎንደር በ1978 ሐኪም ማሠልጠን ስትጀምር አጋሯ የምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ነበር። መምህራኑ የተማሩት እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ ጀርመን ነው፤ መጻሕፍቱም ከዚያው መጡ። ጤነኛ ሰው ተብሎ በመጽሐፉ የተሣለው፣ 760 ሚሊ ሜትር ግፊት ውስጥ የሚተነፍስ የቆላ አውሮፓዊ ነበር። የአዲስ አበባ ተማሪ ግን ያንን ቁጥር የሚሸመድደው ግፊቱ 580 ገደማ በሆነበት ክፍል ተቀምጦ ነው።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓሱን የሰየመው በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው አሥራትን የሚያውቃቸው በፖለቲካቸውና በእስራታቸው ነው። ከዚያ በፊት ግን ከሕክምና ፋኩልቲው መሥራቾች አንዱ፣ ዲንና የቀዶ ሕክምና መምህር ነበሩ። የተማሩት በአሌክሳንድሪያ፣ ቀጥሎም በኤድንብራ ነው፤ ሁለቱም የባሕር ጠረፍ ከተሞች ናቸው። ስማቸው ግን ያረፈው 2,840 ሜትር ላይ በተሠራ ካምፓስ ነው። የኢትዮጵያ ሕክምና ትምህርት መንገድ በአንድ ሰው ስም ሊታይ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ኤድንብራ የአንድ ሌላ ሰውም አገር ናት። ጆን ስኮት ሃልዴን በ1860 የተወለደው እዚያ ነው፤ ሕክምናም የተማረው እዚያው ነው። በ1905 ከባልደረባው ከፕሪስትሊ ጋር ሆኖ፣ ትንፋሽን በየደቂቃው የሚቆጣጠረው ዋናው ነገር የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን አሳየ። በ1911 ግን የባሕር ጠረፍ እውቀት እንደማይበቃ ገብቶት ከባልደረቦቹ ጋር ወደ አሜሪካው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ፤ 4,300 ሜትር ላይ ለሳምንታት ተቀምጦ የራሱን ትንፋሽ ለካ። ሳንባ ኦክስጅንን እንደ ዕጢ ያመነጫል የሚለው ግምቱ በኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። የወሰደው እርምጃ ግን ትክክል ነበር፤ የከፍታን ሳንባ ለማወቅ ከፍታ ላይ ወጣ።

▪️ ፔሩ የመለሰችው መልስ

የከፍታ ሰው ሳንባ ለረጅም ጊዜ የተጠናው በእንግዳ ነው፤ ፍርዱንም የሰጠው እንግዳው ነው። የካምብሪጁ ጆሴፍ ባርክሮፍት በ1921 መጨረሻ ላይ ቡድን ይዞ ወደ ፔሩዋ ሴሮ ደ ፓስኮ ወጣ። ሲመለስ በከፍታ የሚኖር ሰው ሁሉ በአካልም በአእምሮም የተዳከመ ነው የሚል ድምዳሜ ጻፈ።

ፔሩዎቹ ዝም አላሉም። ካርሎስ ሞንሄ የተባለው የሊማ ሐኪም የአንዲስ ሰው የተዳከመ ሳይሆን ለአገሩ የተሠራ መሆኑን በጥናት ተከራከረ። በከፍታ ኖሮ የሚታመመውንም ሰው ለይቶ ገለጸ፤ በሽታው ዛሬም በስሙ ይጠራል። በ1931 በሳን ማርኮስ ዩኒቨርሲቲ የአንዲስ ባዮሎጂ ተቋም ተቋቋመ። ከዚያ ወዲያ የከፍታ ሕክምናን መማር የፈለገ ወደ ሊማ መሄድ ነበረበት።

ለባርክሮፍት ኢትዮጵያም መልስ ነበራት፤ መልሷ ግን የመጣው ከሩጫ እንጂ ከመማሪያ ክፍል አልነበረም። አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ አሸነፈ። በ1968 ኦሊምፒክ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ሜክሲኮ ከተማ ሲደረግ፣ የዓለም ስፖርት ሊቃውንት አየሩ ይሳሳል ብለው ተጨነቁ። አበበ በጉዳት ሲያቋርጥ ማራቶኑን ማሞ ወልዴ ወሰደው። የአንድ ደገኛ ሳንባና ልብ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ዓለም አየ። የሀገሩ የሕክምና ተማሪ ግን በማግስቱም የከፈተው ያንኑ የባሕር ጠረፍ መጽሐፍ ነው።

▪️ በሰሜን ተራሮች የተለካው

መለኪያው ወደ ኢትዮጵያ አልመጣም ማለት አይደለም። በ1960ዎቹ በሃሪሰን የተመራ የእንግሊዝ ቡድን ደጋዋን ደባርቅንና ቆላዋን አዲ አርቃይን አነጻጽሮ አጠና፤ ውጤቱ በ1969 ታተመ። የደገኞቹ የሳንባ አቅም ከቆለኞቹ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። በ1985 ደግሞ ትምባሆ የማያጨሱ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ወንዶችና ሴቶች የሳንባ ልኬት ቶራክስ በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ወጣ።

ዓለምን ያስደነቀው የ2002ቱ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ያለበት ቡድናቸው በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመሩ። የአንዲስ ሰው በእንዲህ ያለ ከፍታ ደሙ ይወፍራል፤ የቲቤት ሰው ደሙ ባይወፍርም ኦክስጅኑ ይቀንሳል። የሰሜን ሰዎች ከሁለቱም ተለዩ። ሄሞግሎቢናቸው በአማካይ ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ነበር፤ የደማቸው ኦክስጅን ሙሌት ደግሞ 95.3 በመቶ። ይህ ለባሕር ጠረፍ ሰው የሚቀርብ ቁጥር ነው። በኋላ በሰሜንና በባሌ ተራሮች የተደረገው የዘር ጥናት ሥዕሉን አወሳሰበው፤ ባሌ ላይ የሚኖሩት ደገኞች ሄሞግሎቢን ከሰሜኖቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። አንድ አገር ውስጥ እንኳ ሁሉም ደገኛ አንድ ዓይነት አይደለም ማለት ነው።

ቁጥር ሲዋሱ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ የስፓይሮሜትር ታሪክም ይመሰክራል። ትንፋሽ የሚለካውን ይህን መሣሪያ በ1840ዎቹ የሠራው እንግሊዛዊው ጆን ሃቺንሰን ነው። ብዙም ሳይቆይ በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ የአሜሪካ ደቡብ ሐኪም መሣሪያውን ይዞ የባሮች ሳንባ አቅም በ20 በመቶ ያነሰ ነው አለ፤ ይህንንም ለባርነት ማስረጃ አደረገው። የጥቁር ሰው ሳንባ በተፈጥሮው ያንሳል የሚለው እርማት በመሣሪያዎች ውስጥ ተቀብሮ እስከ ዘመናችን ዘለቀ። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር ዘርን መሠረት ያላደረገ ስሌት ይሠራበት ያለው በ2023 ነው። ለ170 ዓመታት ያህል በበሽታ የጠበበ ሳንባ «ለጥቁር ደንበኛ ነው» እየተባለ ሲታለፍ ኖሯል። መሣሪያው የሚያወጣውን ቁጥር እንጂ የቁጥሩን ምንጭ ያልተማረ ሐኪም የሌላውን ሰው ስሕተት ሳያውቅ ይወርሳል።

▪️ «ምን ተነፈስክ?» ብሎ መጠየቅ

ሐኪም በሽተኛን ሲመረምር መጀመሪያ የሚሠራው የሕመሙን ታሪክ መቀበል ነው። የሳንባ በሽታ ከሌላው የሚለየው፣ ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የአገር ታሪክ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ከደብረ ሲና በስተምዕራብና በስተሰሜን የተዘረጋው መንዝ ለዚህ ከባድ ምስክር አለው። የጣርማበርን ዋሻ የፈለፈለው ጣሊያን መርዝ ጋዝም ወደዚህ ምድር አምጥቷል። ኢጣሊያ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ፣ በ1935 እና 36 በሰሜን ግንባር ኢፔሪት አዘነበች። ኢፔሪት ስሙን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋዝ ከተለቀቀባት ከቤልጅጓ ኢፕር ከተማ ነው። ሃልዴንም በ1915 የክሎሪኑ ጋዝ በወታደር ሳንባ ላይ ያደረሰውን እንዲመረምር ወደዚያው ግንባር ተልኮ ነበር። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ በዘረት፣ አመፀኛ ዋሻ በሚባለው ቦታ፣ ከነቤተሰቦቻቸው የተጠለሉ አርበኞች ላይ የጣሊያን ጦር ኢፔሪትና አርሲን ተጠቀመ። ከዋሻው የወጡት ወንዶች ተረሸኑ። የጣሊያኑ ታሪክ ተመራማሪ ማቴኦ ዶሚኒዮኒ በ2006 ጉዳዩን አደባባይ አወጣው፤ አርኪዮሎጂስቶችም ገብተው አጠኑት። የኢጣሊያ መንግሥት በጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1996 ነበር።

ኢፔሪት ቆዳንና ዓይንን ብቻ አያቃጥልም። የመተንፈሻ ቧንቧን ሽፋን ይልጣል፤ የተረፈውን ሰው ለዓመታት የሚቆይ ሳልና የጠበበ ትንፋሽ ያወርሰዋል። በየትኛውም የሳንባ መጽሐፍ ኢፔሪት ሲነሳ የሚጠቀሰው ኢፕር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ለሚማር ልጅ ግን የቅርቡ ምሳሌ ያለው አያቶቹ አገር ነው።

ከጦርነቱ ወዲህ ያለውም እንዲሁ የአገር ታሪክ ነው። በአቃቂ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገና በ1991 የታተመ ጥናት፣ ጥጥ በሚነፋበት ክፍል ከሠሩት 43.2 በመቶ፣ በሚበጠርበት ክፍል ደግሞ 37.5 በመቶው በጥጥ ብናኝ በሚመጣው የሳንባ በሽታ መያዛቸውን አሳየ። በሽታው ከዕረፍት ቀን በኋላ ሰኞ ሥራ ሲገባ ደረትን ይጨብጣል። «ሥራህ ምንድን ነው? ሰኞ ሰኞ ይብስሃል?» ብሎ ያልጠየቀ ሐኪም አስም ብሎ ይሸኘዋል። በጭስ ጎጆ ውስጥ ዕድሜ ልኳን እንጀራ የጋገረች እናት ሲጋራ በአፏ ሳይዞር የአጫሽ ሳንባ ይዛ ትመጣለች። «ታጨሻለሽ?» ብሎ «አይ» ሲባል የሚያቆም ተማሪ ጥያቄውን የተማረው ከሌላ አገር ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ትምባሆን በእርሻዋም ታውቀዋለች።

ከሁሉም በላይ ሳንባ ነቀርሳ አለ። ሮበርት ኮህ ተሐዋሲውን ለዓለም ያሳወቀው በ1882 ነው። ኢትዮጵያ መድኃኒቱን በጤና ባለሙያ ዓይን ፊት የማስዋጥ አሠራር በአርሲና በባሌ የሞከረችው በ1992 ነው። ነቀርሳ ስለበዛ የሀገራችን ሐኪም ቲቢን ጠንቅቆ ያውቃል። ግን ሳል ሁሉ ቲቢ የሚመስልበት ጊዜም አለ፤ አክታው ንጹሕ የሆነ ሰው የቲቢ መድኃኒት ሲጀምር፣ የጭሱና የብናኙ በሽታ ስም ሳያገኝ ይቀራል።

▪️ ዘግይቶ የመጣው

የሳንባና የጽኑ ሕክምና ሰብ ስፔሻሊስት በሀገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 በጥቁር አንበሳ ነው፤ ሥልጠናው ሁለት ዓመት የሚወስድ ነበር። ከዚያ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አልነበረም። የሕክምና ፋኩልቲው ከተመሠረተ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል ማለት ነው። ጤና ሚኒስቴር የኦክስጅንና የጣት መለኪያ ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ ያወጣው ደግሞ ከ2016 እስከ 2020 ላለው ጊዜ ነው። ፍኖተ ካርታው ጊዜው ሊያልቅ ሲል ኮሮና ደረሰ። ያን ጊዜ ኦክስጅን የሚለውን ቃል ገበሬውም ነጋዴውም ለመደው፤ በጣት ላይ የሚሰካው ትንሽ መለኪያም በየቤቱ ገባ።

መለኪያው መጣ፤ ትርጉሙ ግን አብሮ መጣ? የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ባወጣው መመሪያ ኦክስጅን የሚጀመረው ሙሌቱ ከ90 በመቶ ሲወርድ ነው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ግን መስመሩ ወደ 87 ዝቅ ይላል። ይህ የ2,500 ሜትር መስመር የሚያልፈው ከደብረ ሲና ዝቅ ብሎ ባለው ቁልቁለት ነው። 88 የሚለው ቁጥር ሸዋ ሮቢት ላይ «ቶሎ ኦክስጅን ስጡ» ይላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ «በቅርብ ተከታተሉ» ሊል ይችላል። በ88 ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ሕፃን ጣርማበር አናት ሲደርስ ግን 88 ላይ አይቆይም። አንድ ሲሊንደር ብቻ ባለበት ጤና ጣቢያ የዚህ ልዩነት ዋጋ ነፍስ ነው።

የዚህ ሁሉ መፍትሔ አዲስ ሕንፃ መገንባት ወይም የውጭ መጻሕፍትን ማቃጠል አይደለም። ሃልዴንም፣ ሃቺንሰንም፣ ኮህም የሁሉም ናቸው። ሞንሄ የባርክሮፍትን መጽሐፍ አልጣለም፤ አንብቦ ከራሱ ተራራ መለሰለት እንጂ። ከአሥራት ወልደየስ ካምፓስ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ የአንድ ቀን ትምህርት ነው። ተማሪዎች የጣት መለኪያቸውን ይዘው ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ የራሳቸውን ሙሌትና የልብ ምት ይመዝግቡ፤ ጣርማበር ላይ ይድገሙ፣ ደብረ ሲና ላይ ይድገሙ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ይድገሙ። ከሰዓት በኋላ ሽቅብ ሲመለሱ ያንኑ ይለኩ። ከዚያ ያችን የሜዳና የገደል ሥዕል በራሳቸው ቁጥር ይሣሉ፤ የሳንባ ምች የያዘውንም ሰው አፋፉ ላይ ያስቀምጡት።

ወጪው የመኪና ነዳጅና ደብረ ሲና ላይ የሚገዛ ቆሎ ነው። ትርፉ ደግሞ አንድ ሌሊት ሸዋ ሮቢት ላይ ተረኛ የሆነ ወጣት ሐኪም ሪፈር ጽፎ ሲጨርስ፣ አምቡላንሱ ሳይነሳ በፊት ብዕሩን አስቀምጦ «ሲሊንደሩ ሙሉ ነው? እስከ ደብረ ብርሃን ያደርሳል?» ብሎ መጠየቁ ነው።